እትዬ የሺና አስራ ስድስቱ ወንበሮች

ስለ ሌላ ሰው ከመጻፌ በፊት የሚጽፈው ማን እንደሆነ አንባቢ ቢያውቅ ደግ ነው። ደምሴ እባላለሁ። ልደታ፣ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቼ ማመልከቻ ስጽፍ ሠላሳ ስምንት ዓመት ተቀምጫለሁ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው። እንግሊዝኛውን ከመድኃኒት ብልቃጥና ከሬዲዮ ለቃቅሜዋለሁ። የሕጉን አንቀጽ ደግሞ ባለጉዳዮች በር ላይ ሲጨቃጨቁ እየሰማሁ በቃሌ ይዣለሁ። ዲግሪ የያዙ ጠበቆች ከመኪናቸው ወርደው "ጋሽ ደምሴ፣ እስቲ ይህችን ዓረፍተ ነገር ያቃኑልኝ" ይሉኝ ነበር። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ያየ ሰው ዛሬም በሕይወት አለ።

ብሪጅ የሚባለውን የካርታ ጨዋታም የተማርኩት በሦስት ቅዳሜ ነው። ሌላው ሰው ዓመት ይፈጅበታል።

ያስተማሩኝ ሴት ሞቱ። ባለፈው ወር ሜክሲኮ ታክሲ ስጠብቅ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ሱቅ የነበረው ልብስ ሰፊው ሸምሱ ከኋላዬ መጥቶ ክንዴን ያዘኝ።

"ደምሴ፣ ሰምተሃል?"

"ምኑን?"

"እትዬ የሺ ጅማ አረፉ። ከተቀበሩ ሳምንት ሆናቸው።"

ታክሲው መጣ፤ አሳለፍነው። ሌላም መጣ፤ እሱንም አሳለፍነው።

"እኔ እኮ" አለ ሸምሱ፣ "እስከ ዛሬ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ሲሆን እግሬ ብድግ ይላል። የት እንደሚሄድ አያውቅም፤ ብቻ ይነሳል።"

የእኔም እንደዚያ ነው። አልነገርኩትም እንጂ።

እትዬ የሺ በንጉሡ ጊዜ የስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበሩ። ባል አልነበራቸውም፤ ልጅም አልወለዱም። ብሪጅን የተማሩት ከውጭ አገር ከመጡ አሠልጣኞች ነው። ጡረታ ሲወጡ ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለችውን ቤታቸውን ሳሎን ባዶ አድርገው አራት ጠረጴዛ፣ አስራ ስድስት ወንበር አስገቡና ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት እስከ አስራ አንድ ሰዓት ለጎረቤቱ ሁሉ በራቸውን ከፈቱ። ሲያስቡ የቀኝ ጆሯቸውን በመዳፋቸው ይይዛሉ፤ የስልክ ማዳመጫው ከተነሣላቸው ዓመታት ቢያልፉም እጃቸው አልረሳውም።

ጨዋታውን ለማያውቅ በአጭሩ ላስረዳ፤ ማስረዳት እችልበታለሁ። አራት ሰው ይቀመጣል። ፊት ለፊት ያሉት ሁለቱ ጓደኛሞች ናቸው። መጀመሪያ ጨረታ አለ፤ "እኔ ይህን ያህል ዙር እወስዳለሁ" እያሉ ተራ በተራ መጥራት። ጨረታውን ያሸነፈው ይጫወታል። ጓደኛው ካርታውን ሁሉ ገልጦ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋና ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ የእሱንም ካርታ የሚመዝለት አሸናፊው ነው። ለጓደኛ በቃል ወይም በምልክት መንገር ነውር ነው።

በዚህ በኩል እትዬ የሺ ርኅራኄ አልነበራቸውም። "እጅ ጠረጴዛ ላይ!" ይሉ ነበር እንደ መምህርት። ሁልጊዜ የሚሉት ደግሞ ይህ ነው፤ "የጓደኛችሁን ፊት አታንብቡ። የጣለውን ካርታ አንብቡ።" ራሳቸው ካርታቸውን ዘርግተው ዝም የሚሉበት ተራ ሲደርስ መነጽራቸውን አውልቀው ማኅደሩ ውስጥ ይከቱታል። ዓይናቸው እንኳ ምስጢር እንዳያወጣ ነው።

እኔንም በሦስተኛው ቅዳሜ እንዲህ አሉኝ፤ "አቶ ደምሴ፣ በጣም ጎበዝ ነዎት። እስቲ አሁን ደግሞ ጓደኛዎም እንዲጫወት ይፍቀዱለት።" ሸምሱ ከወንበሩ ሊወድቅ እስኪደርስ ሳቀ። እኔ ግን ከንግግራቸው የያዝኩት የመጀመሪያውን ግማሽ ነው።

አብዮቱ በፈነዳ በሦስተኛው ዓመት ግን አስራ ስድስት ሰው ባንድ ቤት መሰብሰቡ አስፈሪ ሆነ። ከመንገድ ወዲያ ማዶ ለጸሎት የተሰበሰቡ አምስት ሴቶች ተወስደው ነበር። የክበባችን ሰዎች መቅረት ጀመሩ። እትዬ የሺ ከቀበሌ ፈቃድ ይጠየቅ አሉ። ማን ይጽፋል? ይህም ይጠየቃል?

አራት ገጽ ጻፍኩ። ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ፦ "ይህ ጨዋታ ንጉሥ በሁለት ቁጥር ካርታ ተመትቶ የሚወድቅበት፣ ማንም ግለሰብ ብቻውን የማያሸንፍበት፣ ሁለት ሠራተኞች ያለ አንዳች ንትርክ ተግባብተው የጋራ ውጤት የሚያስመዘግቡበት…" እያለ ይቀጥላል። እትዬ የሺ መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት።

"ያምራል፣ አቶ ደምሴ። እጅግ ያምራል። ሦስት መስመር አይበቃም ነበር? 'ሽማግሌዎች ነን፤ ካርታ እንጫወታለን፤ ይፈቀድልን' ቢባል?"

"እትዬ፣ በሦስት መስመር የተፈቀደ በሦስት መስመር ይከለከላል።"

ጆሯቸውን ያዙ። "እንግዲህ እርስዎ ያውቃሉ" አሉ።

የእሑዱ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ ማመልከቻዬን ከላይ እስከ ታች ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም ተነሥቼ እጅ ነሣሁ። ከዚያ ውሳኔው ተነበበ። ክበባችን አርአያ ክበብ ተብሏል። አስራ ስድስቱ አባላት ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ ፎቶግራፋቸው ቀበሌ ይቀመጣል። ክበቡ በየቅዳሜው ያለ መቅረት ይሰበሰባል። የአብዮት ጥበቃ ጓድ እየተገኘ ማን እንደመጣ ይመዘግባል። የቀረ ሰው ምክንያቱን ያስረዳል። ያለ ቀበሌው ውሳኔ መልቀቅ አድኅሮት ነው።

ስንመለስ እትዬ የሺ ቁልቁለቱን ቀድመውኝ ወረዱ። በመጨረሻ "ከእንግዲህ ጨዋታ አይደለም" አሉ። ስለዚያ ማመልከቻም እስኪሞቱ ድረስ አንድ ክፉ ቃል አልወጣቸውም።

የተላከልን ጓድ ባይሳ የሚባል ሃያ ስድስት ወይም ሃያ ሰባት ዓመት የሚሆነው ወጣት ነበር። በር አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጦ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ ያጋድማል። ማን እንደተገኘ የሚሞላበትን ቅጽ ይዞ ቁጥር ይጠራል። ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ ሌሎች ቀበሌዎች ሳይቀሩ ቀድተውታል።

አንድ ቅዳሜ ሸምሱ በሩ ላይ ቆሞ ይለምናል።

"ሚስቴ ምጥ ላይ ናት እኮ!"

"ስንት ቁጥር ነህ?"

"አስራ አንድ።"

"አስራ አንድ ቁጥር፣ ተቀመጥ።"

"ልጄ አሁን ሊወለድ ነው!"

"እስኪወለድ ተቀመጥ።"

ሸምሱ ተቀመጠ። ሴት ልጁ ስትወለድ እሱ ካርታ ይዞ "ፓስ"፣ በጨረታው የለሁበትም፣ ይል ነበር። እስከ ዛሬ ሚስቱ ይቅርታ አላደረገችለትም።

ባይሳ ደግሞ በጨረታው የምንለው ነገር ስላልገባው ይናደዳል። "'ሁለት ልብ' ማለት ምንድን ነው? አንቺ፣ አስረጂኝ!" ብሎ እትዬ የሺ ላይ ጮኸ።

"ቁጭ ይበሉ፤ ላሳይዎት።"

"እኔ ካርታ አልጫወትም።"

"አይጫወቱ። ያልገባዎትን ነገር ግን እንዴት ሪፖርት ያደርጉታል?"

ዱካውን አስጠግቶ ተቀመጠ። በሁለት ወሩ ከኛ ጀርባ ቆሞ ምላሱን "ጭ" ያደርግ ጀመር፤ ያም ምልክት መስጠት ነው ብለው እትዬ የሺ ከለከሉት። በሦስተኛው ወር "አንቺ" ማለቱን ትቶ "እርስዎ" ይላቸው ነበር። ጠመንጃው ግን ከጉልበቱ አልወረደም።

ወንበሮቹ መሙላት ነበረባቸው። አንዱ ወደ ክፍለ ሀገር በሥራ ሲዛወር፣ አንዷ ስትሞት፣ ሁለቱ ደግሞ ከቤታቸው ተወስደው ሳይመለሱ ሲቀሩ፣ እትዬ የሺ በሳምንት ውስጥ ምትክ ፈልገው ከሰኞ እስከ ዓርብ ያስተምሩታል። ነርስ አመጡ፤ ጎማ ጠጋኝ አመጡ። አዲሱን ሰው ሁልጊዜ ከጎበዝ ጋር ያጣምሩታል። የተሳሳተ ሰው ሻይ ሳይጠጣ ስሕተቱ አይነሣበትም፤ ሕግ ነው። ካርታው አርጅቶ ሲጣበቅ የሕፃን ፓውደር ይነሰንሱበታል። ያንዱ ካርታ ሰባት ቁጥር ጠፍታ እኔ ከካርቶን ቆርጬ ሣልኳት። ከፊት ስትታይ ከዋናው የማትለይ ሥራ ነበረች፤ ጀርባዋ ግን ያስታውቃል። ስለዚህ ማን እንደያዛት አራታችንም እናውቃለን። "አላያችሁም" አሉ እትዬ የሺ። አላየንም። እንዲህ አድርገን ነው የኖርነው።

ክበቡ እየደመቀ ሄደ። ከቀበሌው በላይ ያለው የከፍተኛው ሰዎች ሊጎበኙን መጡ። ልክ በዚያን ጊዜ ነው የእህታቸው ደብዳቤ ከጅማ የደረሰው።

አልማዝ ትባላለች፤ ታናሻቸው ናት። እናታቸው ስትሞት የሰባት ዓመት ልጅ ነበረችና ያሳደጓት እትዬ የሺ ናቸው። ኩላሊቷ ታሟል። "አንድ ጊዜ ልይሽ" ይላል ደብዳቤው። ከከተማ ለመውጣት ደግሞ የቀበሌ ይለፍ ያስፈልጋል። ጻፍኩላቸው። መልሱ አንድ መስመር ነበር፦ የክበቡ ሊቀመንበር ከሄዱ አርአያው ክበብ ይበተናል፤ አልተፈቀደም። እንደገና ጻፍኩ። የድንጋይ ልብ የሚያቀልጥ አድርጌ ጻፍኩ። ስድስት ጊዜ ጽፌ ስድስት ጊዜ ተመለሰ።

አንድ ቀን ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር መጡ። አንድ ሐሳብ ነበረኝ።

"እትዬ፣ ክበቡን እናዳክመው። አራት ሰው ይቅር። አንድ ጠረጴዛ ከጎደለ አርአያነቱ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ይለቁዎታል።"

"የትኞቹ አራት?" አሉኝ።

ብዕሬን ከደንኩት። የሚቀሩት አራቱ የት ሄዱ፣ ለምን ቀሩ ተብለው ቀበሌ እንደሚጠሩ ሁለታችንም እናውቃለን። እትዬ የሺ ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ።

የእትዬ የሺ የጨዋታ ጓደኛ ሙሉጌታ የሚባል የፊዚክስ መምህር ነበር፤ ስድስት ቁጥር። ትሑት፣ የሸሚዙ አንገት ሁልጊዜ የተተኮሰ ልጅ። አስተማሪዎችና ተማሪዎች በየቀኑ በሚለቀሙበት በእነዚያ ወራት አንድ ቅዳሜ ወንበሩ ባዶ ሆነ።

ባይሳ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ጠራ። እትዬ የሺ ካርታውን እያደሉ ነበር፤ ለባዶው ወንበርም አስራ ሦስት ካርታ አስቀመጡለት።

"ስድስት ቁጥር የት ነው?"

"አሞታል።"

"ማን ነገረዎት?"

"ራሱ።"

"መቼ? የት ሆኖ?"

"ጓድ ባይሳ፣ እኔ ስልክ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ። የሰማሁትን አላወራም።"

ከዚያ ያደረጉትን ነገር በዓይኔ ባላይ አላምንም ነበር። ባዶ ወንበር ጨረታ አይጠራም። እሳቸው ጨረታውን ካሸነፉ ግን የጓደኛቸው ካርታ ተገልጦ ይዘረጋል፤ ያን ጊዜ ሰውየው ኖረ አልኖረ ለውጥ የለውም። ስለዚህ ከስምንት እስከ አስራ አንድ ሰዓት እያንዳንዱን ጨረታ አሸነፉ። ተቃዋሚው ሦስት ሲል አራት፣ አምስት ሲል ስድስት እያሉ ያለ ካርታ ጠሩ። በያንዳንዱም ተሸነፉ። ወንበሩ ግን እስከ መጨረሻው ተጫዋች ነበረው።

ባይሳ ከጀርባቸው ቆሞ ሁሉንም አየ። ጨዋታውን አስተምረውታልና ገብቶታል። ሆኖም ወደ ከፍተኛው አላመለከተም። እሳቸው የልጁን መግቢያ ያውቃሉ ብሎ ስላመነ ራሱ አውጣጥቶ፣ ራሱ ይዞ ሊያቀርበው ፈለገ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከጅማ ቴሌግራም መጥቶ ነበር፤ አልማዝ እያጣጣረች ነው። ሰባተኛውን ማመልከቻ ያንኑ ጠዋት ጽፌ ለባይሳ ሰጥቼዋለሁ። በሻይ ሰዓት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው፤ እስክሪብቶውንም ከኪሱ አወጣ።

"እትዬ የሺ፣ አሁን እፈርማለሁ፤ የኔ ፊርማ ካለበት ቀበሌው አይከለክልም። ነገ ጠዋት አውቶቡስ ይሳፈራሉ። ልጁ በየት በኩል እንደወጣ አንዲት ቃል ይንገሩኝ።"

እኔ ፊታቸውን አየሁ፤ ፊት ማንበብ ክልክል መሆኑን ረስቼ። መነጽራቸውን አውልቀው ማኅደሩ ውስጥ ከተቱ።

"እኔ የማውቀው" አሉ፣ "ቅዳሜ ከስምንት እስከ አስራ አንድ ሰዓት እዚህ ያለውን ሰው ነው። ሌላው የቀበሌ ሥራ ነው።"

ባይሳ ማመልከቻዬን አራት ቦታ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይዟቸው ሄደ።

ቀበሌ አሰሯቸው። ነገር ግን አርአያ ክበብ ያለ ሊቀመንበር አይሰበሰብም! ስለዚህ በሳምንቱ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ባይሳ ራሱ ከእስር ቤት ወደ ገዛ ቤታቸው አመጣቸው፤ ሦስት ሰዓት ሊያጫውቱ። በሙሉጌታ ወንበር ላይ እኔን አስቀመጡ። እኔ በነበርኩበት አንድ ጎረቤታቸው ገብታ ነበር። ፀጉራቸው ተጎሳቁሏል፤ እጃቸው ግን ካርታውን እንደ ድሮው አደለ።

ኪሴ ውስጥ ከጅማ ለእሳቸው የመጣ ደብዳቤ ነበር። አልማዝ ማክሰኞ ዕለት ሞታለች።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ሁሉም ያውቃል፤ በማለዳ፣ ዘመድ ወዳጅ ደጃፍ ተሰብስቦ፣ ትልቅ ሰው ተመርጦ ነው። እኔ ግን ያለኝ ሦስት ሰዓት ነው፤ ያውም ካርታ እየተጫወትን፣ ባይሳ ከኋላ ቆሞ። በዚህ እጄ የስንቱን እንባ ጽፌ ዳኛ አስለቅሻለሁ። ያን ቀን አንድ ቃል አጣሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አጣሁ።

ተራዬ ደረሰ። የልብ ንጉሥ በእጄ ነበር፤ ለኋላ መያዝ ያለበት፣ ጀማሪ እንኳ የማይጥለው ካርታ። አስቀድሞ በተሸነፍንበት ዙር ላይ ጣልኩት። ለምን እንደጣልኩት አላውቅም፤ እጄ ነው የጣለው።

እትዬ የሺ ካርታውን አዩት። ብዙ አዩት። እንዲህ ዓይነት ስሕተት እንደማልሠራ ያውቃሉ። ቀና ሳይሉ፣

"መቼ?" አሉኝ።

"ማክሰኞ።"

የቀሩትን አምስት ካርታዎች ተጫወቱ። አንድም አልተሳሳቱም። የመጨረሻዋን ካርታ ካኖሩ በኋላ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ፊታቸውን ሸፈኑ፤ ሸምሱ ጮኸ፤ አስራ አምስታችንም ተነሣን። እንግዲህ መርዶው በተፈቀደ ስብሰባ ላይ ተሰማ ማለት ነው። ባይሳ ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ቅጹን ብቻውን ፈረመ። "ዛሬ እቤትዎ ይደሩ" አለና ወጣ። ከዚያ በኋላ ወደ እስር ቤት አልመለሷቸውም። እሱም ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደ ግንባር ሄዶ አልተመለሰም።

እትዬ የሺ በሚቀጥለው ቅዳሜ ጥቁር ለብሰው በቦታቸው ነበሩ። ይለፍ ዳግመኛ አልጠየቁም። ወንበሩን እየሞሉ፣ እያስተማሩ፣ ሳሎናቸው ውስጥ አስራ አራት ዓመት ታስረው ኖሩ ብል ማጋነን አይደለም።

መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ሙሉጌታ ከሱዳን ተመለሰ፤ ፀጉሩ ሸብቶ። አቅፌ ከሳምኩት በኋላ "ወዴት እንደምትሄድ ለእትዬ የሺ ነግረሃቸው ነበር አይደል?" አልኩት።

"ለማንም አልነገርኩም" አለኝ። "እሳቸውን አደጋ ላይ ልጥል? ዓርብ ማታ በድንገት ነው የወጣሁት።"

በቀጥታ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። ዕቃቸውን እያሰሩ ነበር፤ ጅማ ሊሄዱ።

"እትዬ፣ ምንም አያውቁም ነበር እኮ! አላውቅም ብለው ቢምሉ ይለፉን ይሰጥዎት ነበር!"

"ይሰጠኝ ይሆናል። ያን ጊዜ ግን ልጁን ከኔ ሳይሆን ከመንገድ ይፈልጉት ነበር። ሁለት ሳምንት እኔን ጠየቁኝ።" ጆሯቸውን ያዙ። "ካርታ ሳይኖርም ጨረታ ይጠራል፣ አቶ ደምሴ። አስተምሬዎታለሁ።"

"አልማዝስ?"

ሻንጣውን እንድዘጋላቸው አመለከቱኝ፤ ዘጋሁላቸው።

እንግዲህ በዚህ ጉዳይ እኔ ደምሴ የሠራሁት ይህ ነው። ክበቡን በአራት ገጽ አስፈቅጃለሁ። የመገኘት ቅጹን አዘጋጅቻለሁ። የጠፋችውን ሰባት ቁጥር ሥያለሁ። ዘጠኝ ሰው ብሪጅ አስተምሬያለሁ፤ ሁለቱ ከኔ በልጠዋል ይባላል፤ እኔ አልተቀበልኩትም። በአስራ አራት ዓመት ውስጥ አንድ ቅዳሜ አልቀረሁም። ሰባት የይለፍ ማመልከቻ ጽፌያለሁ፤ አንዱም አልሠራም። መርዶ ነግሬያለሁ፤ በካርታ። ሻንጣቸውን ከልደታ እስከ አውቶቡስ ተራ ተሸክሜ የመስኮት ወንበር ይዤላቸዋለሁ። ጅማ ደርሰው በእህታቸው የመቃብር ድንጋይ ላይ የሚቀረጽ ጽሑፍ እንድልክላቸው በደብዳቤ ለመኑኝ፤ እሱንም ጽፌያለሁ። ሦስት ቀን ሠራሁበት። ስሟንና የኖረችበትን ዘመን ብቻ አስቀርቼ ሌላውን ሁሉ ሰረዝኩ።